ብዙ ግብር የሚከፍል ሰፈር፣ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት
የኤጅውድ ዲስትሪክት የግማሽ ምዕተ ዓመት ሒሳብ

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኙ የሁለት ትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች የ1967-68 የትምህርት ዘመን ሒሳብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለነጋዴ ዓይን ግራ የሚያጋባ ነገር ይታይበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኤጅውድ ነዋሪ በእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት ላይ 1 ዶላር ከ5 ሣንቲም ለትምህርት ቤት ግብር ይከፍል ነበር። የአላሞ ሃይትስ ነዋሪ ግን የሚከፍለው 85 ሣንቲም ነው። ሁለቱም ለግዛቱ የጋራ ፕሮግራም ማዋጣት ያለባቸው ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ፣ ብዙ የከፈለው ኤጅውድ ለአንድ ተማሪ የቀረለት 26 ዶላር ሲሆን አነስተኛ ምጣኔ የከፈለው አላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ቀረለት። ብዙ የከፈለ ብዙ ይወስዳል የሚለው የገበያ ልማድ እዚህ ላይ ተገልብጧል።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ግብር የምጣኔና የንብረት ግምት ብዜት ነው። በኤጅውድ ክልል ውስጥ ያለው ግብር የሚከፈልበት ንብረት ለተማሪዎቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ተማሪ 5 ሺህ 960 ዶላር ይደርሳል። በአላሞ ሃይትስ ከ49 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ኤጅውድ ከሞላ ጎደል መኖሪያ ሰፈር ነው፤ ፋብሪካውና ትልልቁ መደብር ሌላ ቦታ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ በ25 ትምህርት ቤቶች ወደ 22 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ይማሩበት የነበረ ሲሆን ከመቶው 90 ያህሉ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ። ከግዛቱም ከፌዴራል መንግሥቱም የሚመጣው ተደምሮ ኤጅውድ ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ ደግሞ 594 ዶላር ነበራቸው። ይኸውም የፌዴራሉ ድጎማ ለድሃው ሰፈር አድልቶ ከተሰጠ በኋላ ነው። የግዛቱ ዕርዳታ ግን ለኤጅውድ 222፣ ለአላሞ ሃይትስ 225 ዶላር ነበር። ለባለጠጋው በ3 ዶላር በልጧል ማለት ነው።

ገቢውም ዕዳውም የራሱ

የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ሲባል አንባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ አድርጎ እንዳይወስደው። በቴክሳስ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት እነዚህ አካላት በሕግ ራሳቸውን የቻሉ ሲሆኑ በጀታቸውም ከከተማው ማዘጋጃ ቤት የተለየ ነው። ነዋሪው በድምፁ የሚመርጣቸው ባለአደራዎች አሉ፤ በኤጅውድ ሰባት ናቸው። ይህ የባለአደራዎች ቦርድ ዋና ኃላፊውን ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሕጉ በሚፈቅደው ጣሪያ ሥር የግብሩን ምጣኔ ይወስናል። ሕዝቡ በድምፅ ሲፈቅድለትም ቦንድ ሸጦ ይበደራል። ባለአክሲዮኖቹ የሰፈሩ መራጮች የሆኑበት ድርጅት ነው ቢባል ብዙ አልተሳሳተም።

ድርጅቱ ገንዘብ ሲያጥረው ምን እንደሚሆን በመዝገቡ ላይ ይታያል። በአላሞ ሃይትስ አንድ አስተማሪ በአማካይ 20 ነጥብ 5 ተማሪ ሲደርሰው በኤጅውድ 26 ነጥብ 5 ይደርሰው ነበር። በአላሞ ሃይትስ ለ645 ተማሪ አንድ አማካሪ ሲኖር በኤጅውድ አንዱ አማካሪ ለ3 ሺህ 98 ተማሪ ነበር። ይህን የሚያህል ልጅ በስም ማወቅ ቀርቶ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጠርቶ ማነጋገር የሚቻል አይመስልም።

በሜይ 16 ቀን 1968 ወደ 400 የሚሆኑ የኤጅውድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍል ጥለው ወጡ። ጥያቄያቸው ስለ ሕንፃውና የማስተማሪያ ፈቃድ ስለሌላቸው አስተማሪዎች ነበር። በዚያው ክረምት ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ከፊት የቆመው በኬሊ የአየር ኃይል ሠፈር የቆርቆሮ ሥራ ሠራተኛ የነበረው ዲሜትሪዮ ሮድሪገዝ ነው።

የ5 ዶላር ከ76 ሣንቲም ግብር

በክርክሩ ላይ ከቀረቡት ቁጥሮች አንዱ ለዚህ ገጽ አንባቢ ከሕግ ሐተታው ሁሉ ይበልጣል። ኤጅውድ በዚያው ካውንቲ ውስጥ ካሉት ዲስትሪክቶች ከፍተኛውን ገቢ ከሚያገኘው ጋር እኩል ልሁን ቢል በእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት ላይ 5 ዶላር ከ76 ሣንቲም መጣል ነበረበት። አላሞ ሃይትስ ግን በ68 ሣንቲም እዚያው ይደርሳል። 10 ሺህ ዶላር የተገመተች ቤት ያለው የኤጅውድ ነዋሪ በዓመት 576 ዶላር ሊከፍል፣ ተመሳሳይ ቤት ያለው የአላሞ ሃይትስ ነዋሪ 68 ዶላር ሊከፍል ነው። ወላጁ እሺ ልክፈል ቢል እንኳ የግዛቱ ሕግ ለሥራ ማስኬጃ የሚጣለውን ግብር በ1 ዶላር ከ50 ሣንቲም ጣሪያ ዘግቶታል። የአካባቢው ሕዝብ ለልጆቹ የሚያወጣውን ራሱ ይወስናል የሚለው መከራከሪያ በዚህ ቁጥር ፊት ምን ያህል እንደሚቆም አንባቢ ይፍረደው።

የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በማርች 21 ቀን 1973 በ5 ለ4 ድምፅ ለግዛቱ ፈረደ። ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በግልጽ የተሰጠ መሠረታዊ መብት አይደለም፣ የአካባቢ አስተዳደርም ተገቢ ዓላማ ነው አለ። ተርጉድ ማርሻል ረዥም የተቃውሞ ሐሳብ ጻፉ።

ሁለተኛው ዙር በግዛቱ ፍርድ ቤት ነበር። በ1984 ኤጅውድና ሌሎች ድሃ ዲስትሪክቶች ክስ መሠረቱ፤ በኦክቶበር 1989 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ፈረዱላቸው። የግዛቱ ሕገ መንግሥት የሚለው ቀልጣፋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ያገኘው ግን ለአንድ ተማሪ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ንብረት ያለው ዲስትሪክትና 20 ሺህ ያህል ብቻ ያለው ዲስትሪክት ነው። 700 ለ 1 መሆኑ ነው። ከ20 ዓመት በኋላም ቢሆን አላሞ ሃይትስ ለአንድ ተማሪ 570 ሺህ 109 ዶላር ንብረት ሲኖረው ኤጅውድ 38 ሺህ 854 ነበረው። የሮድሪገዝ ልጆች በዚያን ጊዜ አድገው ትምህርት ቤቱን ለቀው ነበር። እሱ ራሱ ያረፈው በ2013 ነው።

ከባለጠጋው ወስዶ ለድሃው

ምክር ቤቱ ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች በፍርድ ቤት ወደቁ። በ1993 የወጣው ግን ጸና። ለአንድ ተማሪ (ክብደት ተሰጥቶት ሲቆጠር) ከ280 ሺህ ዶላር በላይ ንብረት ያለው ዲስትሪክት ትርፉን እንዲለቅ ተደረገ፤ በአብዛኛው ገንዘቡን ለግዛቱ ወይም ለሌላ ዲስትሪክት ይከፍላል። ሕዝቡ በእንግሊዝ ተረት ባለጠጋ ዘርፎ ለድሃ በሚያድለው በሮቢን ሁድ ስም ጠራው። አላሞ ሃይትስ ከከፋዮቹ አንዱ ሆነ።

የቤት ደላሎችና ገንቢዎች ይህን ሕግ ከትምህርት ባለሙያው ባልተናነሰ ይከታተሉታል። በአሜሪካ ከተሞች የቤት ዋጋ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ስም ተቆጥሮ ይገባል፤ ከአንዱ ጎዳና ወደ ማዶ ሲሻገሩ የዲስትሪክቱ ወሰን ከተለወጠ ዋጋውም ይለወጣል። የሰፈሩ ግብር ሁሉ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የማይቀር ከሆነ ገዢው ለዚያ ስም የሚጨምረው ገንዘብ ማነሱ አይቀርም። ተቃዋሚዎቹ የጮኹትም አለምክንያት አይደለም፤ ንብረታቸው ነው። ነገር ግን ያ ዋጋ ከመጀመሪያው የተገነባው ኤጅውድ 1 ዶላር ከ5 ሣንቲም እየከፈለ 26 ዶላር ሲያገኝ በነበረበት ሥርዓት ላይ መሆኑን አብሮ ማንሳት ተገቢ ነው።

ለቦንድ ገዢው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1854 በ2 ሚሊዮን ዶላር የተቋቋመው የቴክሳስ ቋሚ የትምህርት ቤት ፈንድ፣ መራጩ ሕዝብ በ1983 ባጸደቀው ማሻሻያ መሠረት ለዲስትሪክቶች ቦንድ ዋስ መሆን ጀመረ። ዋስትና ያገኘ ቦንድ ከፍተኛውን ደረጃ፣ ማለትም ሦስት ኤ ይዞ ገበያ ይወጣል። ዲስትሪክቱ መክፈል ቢያቅተው ፈንዱ ይከፍልና ግዛቱ ለዲስትሪክቱ ከሚሰጠው ዕርዳታ ላይ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ድሃው ዲስትሪክት ከባለጠጋው ጋር በተቀራረበ ወለድ መበደር ቻለ። ዋናውን ዕዳ የሚከፍለው ግን ያው ቀጭኑ የንብረት ግምት ነው። ለሕንፃ ዕዳ የግዛቱ ማካካሻ የመጣው በ1997 ነው።

ገንዘቡ ልጁን ለውጦታል?

በ1966 የወጣው የኮልማን ጥናት የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤቱ ወጪ ይልቅ የተማሪውን ውጤት እንደሚወስን ካመለከተ ወዲህ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ መጨመር ዋጋ የለውም የሚሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ጥቂት አልነበሩም። የ1973ቱን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወልም ምሁራኑ በወጪና በትምህርት ጥራት ግንኙነት ላይ አለመስማማታቸውን ጠቅሰዋል። በ2016 የታተመው የጃክሰን፣ የጆንሰንና የፔርሲኮ ጥናት ግን ከዚህ የተለየ ነገር አሳየ። ከ1955 እስከ 1985 የተወለዱ ሰዎችን እስከ ጉልምስና ተከታትሎ፣ እንደ ኤጅውድ ባሉ የፍርድ ቤት ክሶች ሳቢያ የተጨመረውን ገንዘብ ለይቶ መዘነ። ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ ለ12 ዓመት በ10 በመቶ ከፍ ቢል ተማሪው በአማካይ 0 ነጥብ 31 ዓመት ተጨማሪ ይማራል፣ ደመወዙም በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ውጤቱ ከዚህም ይበልጣል። ገንዘቡ የሄደው በአብዛኛው ለአስተማሪ ደመወዝ፣ ለአነስተኛ ክፍልና ለረዘመ የትምህርት ዘመን ነበር። 12 ዓመት የሚጠብቅ ኢንቨስተር ብዙ ባይሆንም 7 በመቶ የዕድሜ ልክ ደመወዝ ግን ቀላል ትርፍ አይደለም።

ገንዘብ ብቻውን ቦርድ አያስተዳድርም። በ2016 የኤጅውድ ባለአደራዎች እርስ በርስ መግባባት አቅቷቸው የግዛቱ ትምህርት ኮሚሽነር ሥልጣናቸውን አንስቶ በራሱ በሾማቸው ሥራ አስኪያጆች ተካቸው። ለሁለት አሥርት ዓመታት የአካባቢያችን ንብረት አያስተምረንም ብሎ የተከራከረ ሰፈር፣ ገንዘቡ ሲሻሻል የራሱን ቦርድ የመምረጥ መብት ለጊዜው አጣ። በቦርድ ጠብ ምክንያት ባንክ የማያበድረው አክሲዮን ማኅበር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አያስደንቀውም። የተመረጡት ባለአደራዎች በኋላ ተመልሰዋል።

የሚሸሸው ተማሪ

ዛሬ የኤጅውድ ዋና ጭንቀት የተማሪ ቁጥር ነው። በ1998 የግል በጎ አድራጊዎች በአሥር ዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር መድበው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የኤጅውድ ቤተሰቦች ልጆች የግል ትምህርት ቤት ክፍያ መሸፈን ጀመሩ፤ ፕሮግራሙ በ2008 አበቃ። በ2001 የሰፈሩ ሰው እንጀራ የነበረው የኬሊ አየር ኃይል ሠፈር ተዘጋ። በ1960ዎቹ 22 ሺህ የነበረው ተማሪ ከ10 ሺህ በታች ወርዷል።

የቴክሳስ ቀመር ደግሞ ገንዘብ የሚሰጠው ለተመዘገበ ሳይሆን በየቀኑ ክፍል ለተገኘ ተማሪ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ መነሻውን ለአንድ ተማሪ 6 ሺህ 160 ዶላር አደረገው፤ እስከ 2025 አልተነካም። 500 ተማሪ የተመዘገበበት ትምህርት ቤት በአማካይ 450 ብቻ ቢገኙለት በመነሻው ብቻ 308 ሺህ ዶላር ያጣል። አስተማሪው፣ መብራቱና የአውቶቡሱ ነዳጅ ግን ለ500 የታሰበ ነው። ድሃ ቤተሰብ ቤት ኪራይ ሲወደድበት ሰፈር ይለውጣል፣ ልጁም ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ጉድለት የሚበረታው በድሃው ዲስትሪክት ላይ ነው።

የሳን አንቶኒዮ ምዕራብ ሰፈር የቤት ዋጋ ቢጨምር ለዲስትሪክቱ የሚደርሰው ጥቅም ብዙዎች የሚገምቱትን ያህል አይደለም። የአካባቢው ግብር ሲያድግ የግዛቱ ድርሻ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ለትምህርት ቤት ግብር ነፃ የሚሆንበት ግምት በ2023 ወደ 100 ሺህ፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140 ሺህ ዶላር ከፍ ተደርጓል። ከዚህ በታች የተገመተ መኖሪያ ቤት ለትምህርት ቤት የሚከፍለው አይኖርም፤ ጉድለቱን የሚሞላው የግዛቱ ካዝና ነው። በዚያው በ2025 ምክር ቤቱ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች 8 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ሲጨምር፣ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚውል 1 ቢሊዮን ዶላር አብሮ አጽድቋል። መነሻው በተማሪ የተጨመረለት 55 ዶላር ነው።