ዥዋዥዌ አልጋ በአሽዶድ በረንዳ

ዥዋዥዌ አልጋ ከበረንዳ ጣሪያ በአራት ሰንሰለት ወይም ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አልጋ ነው። አልጋው 50 ኪሎ፣ ፍራሹ 20፣ የሚተኙበት ሁለት አዋቂዎች 150 ቢሆኑ ጣሪያው 220 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። ይህ ግን አልጋው ቆሞ ሳለ ነው። እስከ 45 ዲግሪ ተገፍቶ ሲለቀቅ፣ መሃል ላይ ሲደርስ 350 ኪሎ ያህል ሆኖ ይጎትታል።

ይህ ጭነት ለአራቱ እኩል አይዳረስም። ሦስት ጉልቻ በጎርባጣ መሬት ላይም ይቆማል፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን ይነቃነቃል። አልጋውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሰንሰለት በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ጭነቱ በሰያፍ በሚተያዩት ሁለቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስቀያ ለብቻው 175 ኪሎ እንደሚሸከም ታስቦ ይመረጣል፤ በላዩ የተጻፈው የተፈቀደ ጭነትም ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

የዛሬዋ አሽዶድ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜዲትራኒያን ዳርቻ የተቆረቆረች፣ የአርማታ ፎቆች የሞሉባት ከተማ ናት። በፎቅ ቤት፣ በዕብራይስጥ ሚርፔሴት የሚባለው በረንዳ ጣሪያው ብዙ ጊዜ የላይኛው ጎረቤት በረንዳ ወለል ነው። ይህ ሶሌታ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጥቶ ጫፉ ድጋፍ ከሌለው፣ ዳር ላይ የተሰቀለ ክብደት ሥሩን ክፉኛ ያስጨንቀዋል፤ ከግድግዳው 2 ሜትር ርቆ የተሰቀለ ጭነት 1 ሜትር ላይ ካለው በእጥፍ ያስጨንቀዋል። ቦታውን መወሰን ያለበት የሕንፃውን ፕላን ያየ መሐንዲስ ነው።

ሌላው ስጋት ብሎኬት የተሞላ ሶሌታ ነው። ትራፓኖው እያጉረመረመ ግራጫ አቧራ ሲያወርድ ቆይቶ ድንገት ወደ ላይ ሾለክ ካለ፣ ጫፉ የብሎኬቱ ባዶ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ቀዳዳ ሰው የሚተኛበት ነገር አይሰቀልም። ጥሩ አርማታ ከተገኘም የፕላስቲክ ፊሸር አይበቃም፤ ለጣሪያ የተሠራ፣ በኤፖክሲ የሚጣበቅ ቡሎን ያስፈልጋል። ኤፖክሲው ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው በብሩሽ ተፍቆ አቧራው በአየር ይወጣል፤ አቧራ ከቀረ ኤፖክሲው የሚይዘው አርማታውን ሳይሆን አቧራውን ነው።

የባሕሩ ጨው ደግሞ ሥራውን በዝምታ ይሠራል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ አርማታውንም ይሰነጥቃል። ጣሪያው ላይ ቡናማ መስመር ከታየ ወይም በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ መጀመሪያ ይጠገናል። መስቀያዎቹ 316 ከሚባለው የማይዝግ ብረት ቢሆኑ ይመረጣል። አፉ ክፍት መንጠቆ ሲወዛወዝ ሊያመልጥ ስለሚችል ቀለበቱ የተዘጋ ይሁን። ሰንሰለቱ የሚሳሳው ቀለበት ከቀለበት በሚፋተግበት ውስጠኛው ጎን ስለሆነ፣ ጭነቱን አንስቶ ያንን ቦታ በየጊዜው ማየት ይገባል።

ሰው ከመተኛቱ በፊት አልጋው ከወለሉ እምብዛም ሳይርቅ በአሸዋ ጆንያ ተሞልቶ ያድራል። ከሁሉ በላይ ግን የሚወዛወዝበት አቅጣጫ የልጅ ሕይወት ጉዳይ ነው፦ ወደ በረንዳው መከለያ ሳይሆን ከመከለያው ጎን ለጎን፣ ልጅ ረግጦት ወደ ውጭ መንጠላጠል እስከማይችል ድረስ ርቆ ይሰቀላል። መሐንዲሱ ጣሪያውን ካልፈቀደ፣ ወይም በረንዳው ለዚህ ከጠበበ፣ በራሱ የብረት እግር የሚቆም ዥዋዥዌ ይገዛል።