ከጉንፋን በኋላ አንገት ላይ የቀረ ንፍፊት፦ ሁሉ ቲቢ ነው?

ጉንፋን ሲይዘን አንገታችን ላይ ንፍፊት ማበጡ የተለመደ ነው። ሰውነታችን ጀርሙን እየተዋጋ ስለሆነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ካልጠፋስ? ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከተጨመረ እዚህ ላስታም ሆነ ሌላው የአገራችን ክፍል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእጢ ቲቢ ነው። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት።

ግን ቲቢ የሚመስል ብርቅ ሕመም አለ፦ የኪኩቺ በሽታ። በ1972 እ.ኤ.አ. ኪኩቺ እና ፉጂሞቶ የተባሉ የጃፓን ሐኪሞች ለየብቻ ገለጹት። በብዛት ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን ይይዛል። መነሻው በእርግጠኝነት ባይታወቅም ቫይረስ ይጠረጠራል።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል?
✔ ቲቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ6 ወር መድኃኒት ያስፈልጋል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።
✔ ኪኩቺ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ውስጥ ራሱ ይድናል፤ ማስታገሻና ክትትል ይበቃዋል።

በመዳሰስ ብቻ አይለይም። ከእጢው በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ካልበቃ እጢው ወጥቶ ይመረመራል።

ምን እናድርግ?
✔ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከጠነከረ ወይም ክብደት ከቀነሳችሁ ሳትዘገዩ ተመርመሩ።
✔ አታስበጡት፣ አታስተኩሱት።
✔ ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ምርመራውንም አትተዉ።
✔ ከላሊበላ ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ሪፈር ከተባላችሁ፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብላችሁ አትቅሩ። መልሱ ያለው ናሙናው ላይ ነው።

ለሌሎችም ሼር አድርጉ።