የአንድ ወር የነዳጅ ዋጋና የብዙ ዓመታት መኪና

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወሩ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ የብዙ ቤተሰብ ዓይን አንድ ማስታወቂያ ይጠብቃል፤ ይኸውም የነዳጅ ዋጋ ኮሚቴ ለቀጣዩ ወር የሚያወጣው የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ ነው። ዋጋው የሚጨምር ከሆነ በወሩ የመጨረሻ ምሽት የማደያዎች ሰልፍ ይረዝማል፤ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ አሽከርካሪው ሰልባትዮውን ሳይሞላ ነገን ይጠብቃል። ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥርም በየቤቱና በየሥራ ቦታው አንድ ጥያቄ ተመልሶ ይነሣል፦ ሃይብሪድ መኪና መግዛት ያዋጣል ወይ?

እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ነበር። ነዳጅ በመንግሥት ይደጎም ስለ ነበር ልዩ 95 በመባል የሚታወቀው ቤንዚን በሊትር 1.72 ድርሃም ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር አገሪቱ ድጎማውን አንሥታ የነዳጅን ዋጋ ከዓለም ገበያ ጋር አስተሳሰረች፤ የመጀመሪያው ወር ዋጋም 2.14 ድርሃም ሆነ። ከዚያ በኋላ ዋጋው አንድ ጊዜ ሲወጣ ሌላ ጊዜ ሲወርድ ቆይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ለወራት በ1.80 ድርሃም ረግቶ ነበር። በጃንዋሪ 2022 ወደ 2.53 ከፍ አለ፤ የዩክሬን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም በጁላይ 2022 እስከ 4.52 ድርሃም ደረሰ። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ወደ 2.67 ተመልሷል።

ይህ መለዋወጥ በቤተሰብ ኪስ ላይ ያለው ክብደት በቀላሉ ይታያል። 60 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ለመሙላት በ2020 የሚያስፈልገው 108 ድርሃም ነበር፤ በጁላይ 2022 ግን 271 ድርሃም ሆነ። ከሻርጃ ወደ ዱባይ በየቀኑ እየተመላለሰ ለሚሠራና ከደመወዙ ቀንሶ ለወላጆቹ ወይም ለልጆቹ ትምህርት ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ የማይቀነሱ በመሆናቸው የነዳጁ ጭማሪ የሚነካው ከሁሉ አስቀድሞ ለቁጠባና ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ ነው።

ለሃይብሪድ መኪና ያለው አመለካከት መለወጥ የጀመረው በዚህ ጫና ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል ብዙዎች ስለ ባትሪው ይሠጉ ነበር፤ የበጋውን ሙቀት ይቋቋማል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? መልሶ ለመሸጥ ሲፈለግ ገዢ ያገኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከማስታወቂያ ይልቅ የታክሲዎች አገልግሎት የተሻለ መልስ ሰጥቷል። የዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ሃይብሪድ ታክሲዎችን መሞከር የጀመረው በ2008 ነው፤ በ2027 የከተማዋን ታክሲዎች በሙሉ ሃይብሪድ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ሃይድሮጅን የሚጠቀሙ ለማድረግም ዕቅድ አውጥቷል። ቀንና ሌሊት በሙቀት ውስጥ ሲሠራ የሚውል ታክሲ የሚጠቀምበትን ቴክኖሎጂ የግል ባለቤቱ ለመሞከር የሚያድርበት ፍርሃት ያነሰ ነው።

የሃይብሪድ መኪና አሠራር የተወሳሰበ ቢመስልም መሠረታዊ ሐሳቡ ቀላል ነው። መኪናው የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር በአንድነት ይዟል። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ በተለመደው መኪና ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚጠፋው ኃይል ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል፤ መኪናው ሲነሣም ያንኑ ኃይል መልሶ ይጠቀምበታል። የተለመደው ዓይነት ሃይብሪድ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር መሰካት አያስፈልገውም። ስለዚህ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቆም ሄድ በሚበዛበት መንገድ ነው፤ ጠዋትና ማታ በሚጨናነቀው የኢትሃድ ጎዳና ላይ የሚመላለስ ሰው፣ ከዱባይ አቡ ዳቢ በእኩል ፍጥነት ከሚጓዝ ሰው ይልቅ ተጠቃሚ ይሆናል።

ታዲያ ያዋጣል ወይ? መልሱን ለማግኘት አንድ ምሳሌ ማስላት ይቻላል። አንድ የተለመደ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ተመጣጣኙ ሃይብሪድ ደግሞ 5 ሊትር ይፈጃሉ እንበል፤ የሃይብሪዱ ዋጋም በ12,000 ድርሃም ይበልጣል እንበል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 600 ሊትር ይቆጥባል። ቤንዚን 1.80 ድርሃም ሲሆን ቁጠባው በዓመት 1,080 ድርሃም ስለሚሆን ልዩነቱን ለመመለስ ከ11 ዓመታት በላይ ይወስዳል። በ4.52 ሂሳብ ግን ቁጠባው 2,712 ድርሃም ይደርሳል፤ ልዩነቱም በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይመለሳል።

ተማሪ በማመላለስ ወይም ዕቃ በማድረስ የሚተዳደርና በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ስሌት ግን የተለየ ነው። እርሱ 1,800 ሊትር ስለሚቆጥብ፣ በዝቅተኛው በ1.80 ዋጋ እንኳ በዓመት 3,240 ድርሃም ይተርፈዋል፤ የከፈለውንም ተጨማሪ ገንዘብ አራት ዓመት ሳይሞላ ይመልሳል። ብዙ የሚነዳ ሰው ነዳጅ በረከሰበት ጊዜ የሚያገኘው ጥቅም፣ ጥቂት የሚነዳ ሰው ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ ከሚያገኘው ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የነዳጅ ዋጋ ለአንድ ወር ይወጣል፤ መኪና ግን የሚገዛው ለብዙ ዓመታት ነው። በጁላይ 2022 ዋጋ ተደናግጦ የገዛ ሰው ከስድስት ወራት በኋላ በ2.67 ሲቀዳ ስሌቱ ተለውጦበታል፤ ነዳጅ በረከሰበት ወቅት ብዙ ቤንዚን የሚፈጅ ትልቅ መኪና የመረጠም ዋጋው ሲወጣ ይጸጸታል። በእስላማዊ ባንኮች የሙራበሃ ውል መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ የሽያጩ ጠቅላላ ዋጋና ወርሃዊ ክፍያው ገና ሲዋዋል የታወቁ ናቸው። በወር ወጪው ውስጥ የማይታወቀው የነዳጁ ሂሳብ ነው፤ ሃይብሪድ መኪና ይህን የማይታወቅ ክፍል ያሳንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት ባትሪውን ማስመርመር ይኖርበታል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው ረዘም ያለ ዋስትና ስለሚሰጡ ቀሪው የዋስትና ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በአንዳንድ ሞዴሎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ይህ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ወይም በዕቃ ከተሸፈነ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አቧራና ሙቀት በበዛበት አገር ይህን በየጊዜው ማስጸዳት ቀላል ሆኖ ብዙ ወጪ የሚያድን ጥንቃቄ ነው።

ለቀጣዩ ወር የሚወጣው ዋጋ ከፍ ሊልም ዝቅ ሊልም ይችላል፤ ያም ከማንኛውም አሽከርካሪ ፈቃድ ውጭ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳና በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ ግን እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ ያውቃል። መኪና ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ ስሌቱን ከማደያው የዋጋ ሰሌዳ ሳይሆን ከራሱ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ቢጀምር ይበጀዋል።