የተዘጋው ቤት ለእንግዳ መቼ ይከፈት?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ቤታቸውን ለመንገደኛ በአጭር ጊዜ ኪራይ እየሰጡ የሚተዳደሩ ሰዎች ገቢ በቀናት ውስጥ ደረቀ። መንግሥታት ሕዝቡ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ሲያዙ፣ የእነዚህ ሰዎች እንጀራ ደግሞ በሩን ለማያውቁት ሰው በመክፈት ላይ የቆመ ነበር። ጥቂት ወራት አልፈው እንግዳ መጠየቅ ሲጀምር፣ በሽታው ሳይጠፋ ቤቱን መልሶ መክፈት ይቻል እንደሆነ ማነጋገር ጀመረ። ክርክሩ በአብዛኛው በጽዳት ዙሪያ ተካሄደ። ከሥሩ የነበረው ጉዳይ ግን አደጋውንና ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው፤ እሱም ዛሬ ድረስ በቅጡ አልተመለሰም።

የዚህ ንግድ ትልቁ አገናኝ ኤርቢኤንቢ ነው። በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ የቤት ኪራያቸውን ለመሙላት ሲሉ ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው ለጉባኤ የመጡ ዲዛይነሮችን አሳደሩ። በዓመቱ ናታን ብሌቻርዚክ ተጨምሮ ኩባንያው ተመሠረተ። በ2019 በኩባንያው በኩል የተያዙት አዳሮችና የጉብኝት ዝግጅቶች ወደ 327 ሚሊዮን ደርሰው ነበር፤ በ2020 ወደ 193 ሚሊዮን ወረዱ።

ኩባንያው የሚያገናኛቸው ቤቶች የራሱ አይደሉም። ቤቱ፣ የባንክ ዕዳው፣ አንሶላውና የመብራት ሂሳቡ የአከራዩ ነው። ይህ አሠራር በደህና ጊዜ ለሁሉም ይመቻል። በክፉ ቀን ግን ኪሳራው ወደ ማን እንደሚወርድ ከመነሻው የወሰነ አሠራር ነው።

ይህም ማርች 14 ቀን 2020 በግልጽ ታየ። ኩባንያው እስከዚያ ቀን ቤት ይዘው በቀጣዩ አንድ ወር ሊገቡ የነበሩ እንግዶች ቢሰርዙ ሙሉ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ወሰነ፤ ጊዜውንም በኋላ አራዘመው። ከጤና አንጻር ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ገንዘቡ የማይመለስለት መንገደኛ ሳል ይዞትም ቢሆን መንገድ ይወጣል። አከራዮቹ ግን እንግዳ ቢሰርዝ ክፍያውን በሙሉ ወይም በከፊል የሚያስቀሩበት ውል ነበራቸው፤ ያ ውል እነሱ ሳይጠየቁ ተሻረ። ቅሬታው ሲበረታ ቼስኪ በወሩ መጨረሻ ሳያማክሯቸው በመወሰናቸው አከራዮችን ይቅርታ ጠየቁ። 250 ሚሊዮን ዶላርም ተመደበ። አንድ አከራይ በስረዛ ውሉ መሠረት ሊያገኘው ይገባ ከነበረው 25 በመቶው እንዲከፈለው ነው። ቤት በወር ተከራይተው መልሰው በቀን ለሚያከራዩት ሰዎች ይህ ብዙም አልጠቀመም፤ የእንግዳው ገንዘብ ሲቀር የባለቤቱ ወርሃዊ ኪራይ አልቆመላቸውም። በሜይ ወር ኩባንያው ራሱ ወደ 1,900 ሠራተኞቹን፣ ማለትም ከአራት አንዱን፣ አሰናበተ።

መንግሥታት ደግሞ በየፊናቸው በር መዝጋት ያዙ። የፍሎሪዳ ገዥ ሮን ዴሳንቲስ በማርች መጨረሻ በግዛቱ የዕረፍት ቤቶችን ኪራይ አገዱ። ከግዛቱ ደቡባዊ ጫፍ ያሉት የፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች መንገዱ ላይ ኬላ አቁመው እስከ ጁን 1 ድረስ ጎብኚ አላስገቡም። በሰሜን ካሮላይና ዴር ካውንቲ የተባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ከዚህም አለፈ፤ እዚያ ቤት ኖሯቸው ሌላ ቦታ የሚኖሩ ሰዎችን ጭምር ለሳምንታት ከለከለ፤ ባለቤቶቹም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። የእነዚህ አካባቢዎች ስጋት መሠረት ነበረው። ሆስፒታላቸው የተሠራው ለነዋሪው ልክ ነው፤ ከከተማ የሸሸ እንግዳ ሲታመም የሚተኛው በነዋሪው አልጋ ላይ ነው።

ሆኖም ተመሳሳይ ስጋት በተለያየ ቦታ ተቃራኒ ውሳኔ አስወስኗል። ፍሎሪዳ የዕረፍት ቤቶችን ስትዘጋ ሆቴሎችን አልዘጋችም ነበር፤ አከራዮችም ብቻውን የቆመ ቤት ብዙ ሰው ከሚጋፋበት ሆቴል በምን ይብሳል ሲሉ ጠየቁ። እንግሊዝ በ2021 የጸደይ ወራት ያደረገችው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው የኪራይ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ኤፕሪል 12 ሲፈቀድ፣ ሆቴሎች እስከ ሜይ 17 እንዲጠብቁ ተደረገ። የእንግሊዝ ውሳኔ በሽታው ስለሚተላለፍበት መንገድ ይበልጥ ያሰበ ነበር። ፍሎሪዳ የተመለከተችው እንግዳው ከየት እንደሚመጣ ሲሆን፣ እንግሊዝ ያየችው ከማን ጋር እንደሚተነፍስ ነው።

እንግዳው ራሱ በዚህ ረገድ ከባለሥልጣናት ቀድሟል። አውሮፕላን መሳፈር የፈሩ ሰዎች መኪናቸውን አስነስተው ከከተማቸው ብዙም ወዳልራቁ የገጠር፣ የሐይቅና የተራራ ቤቶች መሄድ ጀመሩ። ጁላይ 8 ቀን 2020 በኤርቢኤንቢ በአንድ ቀን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳሮች ተያዙ፤ እንዲህ ያለ ቀን ከማርች 3 ወዲህ አልታየም ነበር። አጭሩ ቆይታም ብዙዎች ዘንድ ወደ ሳምንታት ረዘመ፤ ቢሮው የተዘጋበት ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ይዞ ሥራውን ከተከራየው ቤት ይሠራ ነበር።

አከራዮች እንዲከፍቱ ያበረታታቸው ሌላው ነገር አዲሱ የጽዳት ደንብ ነው። ኤርቢኤንቢ በኤፕሪል 2020 ይህን ደንብ ይፋ ሲያደርግ የቀድሞው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ቪቬክ መርቲ አማክረውታል። ደንቡን የተቀበለ አከራይ አንዱ እንግዳ ከወጣ በኋላ ቤቱን 24 ሰዓት ባዶ ያቆይ ነበር፤ እንደ ደንቡ ማጽዳት የማይችል ደግሞ በሁለት እንግዶች መካከል 72 ሰዓት ይተው ነበር። በዚያው ዓመት ማርች የወጣ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክና ብረት ላይ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ እንደሚችል አሳይቶ ስለነበር ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው። የበር እጀታ፣ ሪሞት ኮንትሮል፣ ማብሪያ ማጥፊያና ቧንቧ አንድ በአንድ ይወለወሉ ጀመር።

ሳይንሱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ እያመራ ነበር። በጁላይ 2020 ሊዲያ ሞራውስካና ዶናልድ ሚልተን የጻፉትና 239 ሳይንቲስቶች የደገፉት ጽሑፍ በሽታው በአየር እንደሚተላለፍ ትኩረት እንዲሰጠው ጠየቀ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኤፕሪል 2021 የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ አስታወቀ። ስለዚህ ባዶ ቤት ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ የሚያድር እንግዳ ለአከራዩ የሚያመጣው አደጋ አነስተኛ ነበር። ከባለቤቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ወጥ ቤትና መታጠቢያ እየተጋራ የሚያድረው ግን የቱንም ያህል ቢወለወል አደጋ ላይ ነው። ይህን አደጋ ከማጽጃው ይልቅ የተከፈተ መስኮት ይቀንሰዋል።

አንድ ሰው ደግሞ ከሁሉም ክርክር ውጭ ቀርቷል። እንግዳው ወጥቶ አየሩ ሳይለወጥ መጀመሪያ የሚገባው ጽዳት ሠራተኛው ነው። የ24 ሰዓቱ ጥበቃ ይበልጥ የሚጠቅመው ለእሱ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባዶ ቀን ለአከራዩ ያልተሸጠ ቀን ነው። አብዛኛው ጽዳት ሠራተኛ የሚከፈለው ባጸዳው ቤት ልክ በመሆኑ፣ ቤቱ ባዶ ሲቆይ የእሱም ገቢ ይቀንሳል። ጥንቃቄው እንዲጠብቀው የታሰበው ሰው የጥንቃቄውን ዋጋ እንዲከፍል ሆነ፤ ይህ ትክክል አልነበረም።

ጎረቤትም የራሱ ጭንቀት ነበረው። ቡና ቤትና ጭፈራ ቤት ሲዘጋ ድግሱ ወደ ኪራይ ቤቶች ገባ። ጉዳዩ ከወረርሽኙ በፊትም ነበር፤ በ2019 የሃሎዊን ምሽት በካሊፎርኒያ ኦሪንዳ ከተማ በአንድ ኪራይ ቤት ድግስ ላይ በተከፈተ ተኩስ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ኤርቢኤንቢ በኦገስት 2020 በዓለም ዙሪያ ድግስን ከልክሎ የእንግዳውን ቁጥር በ16 ወሰነ፤ በ2022 የድግስ ክልከላውን ቋሚ አደረገው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ማርች 13 ቀን 2020 ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ መንግሥት በመረጣቸው ሆቴሎች 14 ቀን በራሱ ወጪ እንዲቆይ ታዘዘ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጣው ዳያስፖራ የተሰናዱት የአዲስ አበባ ፈርኒሽድ አፓርታማዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች በዚህ አንድ ትእዛዝ ደንበኛቸውን አጡ። ከዓረብ አገሮች የተመለሱ ብዙ ሠራተኞች ደግሞ ለይቶ ማቆያ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ቆዩ። በኤፕሪል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሏል። ሕጉ የታሰበው በወር ለሚኖር ተከራይ ነው፤ በአዳር የሚተዳደረው አከራይና የቀጠራቸው ሠራተኞች ጉዳይ በዚህ አልተሸፈነም።

በኤርቢኤንቢ ደግሞ የኪሳራው ክብደት በኋላ ወደ እንግዳው ዞረ። ከማርች 14 ቀን 2020 በኋላ ቤት የያዘ ሰው ወረርሽኙን እያወቀ እንደያዘ ተቆጥሮ በአከራዩ የስረዛ ውል እንዲገዛ ተደረገ። በኮቪድ የታመመ እንግዳ ግን ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ቀርቶለት ነበር፤ ያም በ2022 ሜይ መጨረሻ ተነሣ። ዛሬ የማይመለስ ክፍያ ፈጽሞ በመነሻው ቀን ትኩሳት የያዘው ሰው ገንዘቡን ማጣት ወይም ታሞ መሄድ ከሚል ምርጫ ጋር ይፋጠጣል። ሌላ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት አገናኝ ኩባንያዎች፣ መድን ሰጪዎችና ከተሞች ተቀምጠው ሊወስኑት የሚገባው ይህን ነው፦ የታመመ እንግዳ ሲሰርዝ የአከራዩን ድርሻ ማን ይከፍላል፣ ቤቱ ባዶ በሚቆይበት ቀንስ ለጽዳት ሠራተኛው ማን ይከፍላል።