ሽማግሌ ሊመጣ ነው ተብሎ ጭቃ ላይ ጠጠር?

የመርካቶ ወጣት የሚጨነቀው ስለ ልብሱና ስለ ጫማው ብቻ ነው ያለው ማነው? ስለ ግድግዳም እንቅልፍ የሚያጣ አለ!

ከሰባተኛ አካባቢ አንዲት ወጣት አማክራኛለች። ሽማግሌ የሚላክባት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የወላጆቿ ቤት ደግሞ ጭቃ ነው፤ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል። «የእሱ ቤተሰቦች ምን ይሉኛል?» ትላለች። የዕቁብ ብሯን ይዛለች። አንድ ግንበኛ «በሁለት ቀን ጠጠር አልብሼ ቪላ አስመስለዋለሁ» ብሏታል። አባቷ ግን «እዚሁ አድገሽ ዛሬ ምን አሳፈረሽ?» ብለው ተኮራርፈዋል።

ነገሩ ይህ ነው። ጠጠር ማልበስ ማለት በሲሚንቶና በአሸዋ የተለሰነ ግድግዳ ገና ሳይደርቅ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር መርጨት ነው። ዝናብ የማያጣቸው እንግሊዞች ብዙ ቤታቸውን አልብሰውበታል። ዝናብ ይመክታል፣ የልስን ጉድለትም ይሸፍናል።

ግድግዳችሁ ብሎኬት ወይም ድንጋይ ከሆነ እሰየው! አቧራውንና የላላውን ጠርጋችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አሸዋ አድርጋችሁ ለስኑ፤ ሳይደርቅ ጫር ጫር አድርጉት፣ የሚቀጥለውን እንዲይዝ። ሲጠነክር ሁለተኛውን ልስን ደርቡና ለስላሳ ሳለ ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠጠር ከላይ ጀምራችሁ ርጩ። በእንጨት ማለስለሻ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። መሬት ላይ ሸራ አንጥፉ፤ የወደቀው ታጥቦ ይመለሳል። ለጥቂት ቀናትም ፀሐይ እንዳያቃጥለው አርጥቡት። ክረምት ላይ አይጀመርም፤ ከመስቀል በኋላ ይሻላል።

ጭቃ ላይ ግን ሌላ ነው! ጭቃ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፣ አብሮት አይላወስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣና ጭቃውን ያሟሟል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ጠጠሩም ከባድ ነው፤ አንድ ቀን ከነልስኑ ግንድስ ይላል። ሚስማርና ሽቦ ቢመታበትም ጊዜ ከመግዛት አያልፍም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጭድ ገዝቶ፣ ጭቃውን ለቀናት አቡክቶ እንደገና ማስመረግ። አሸንዳውን ማስተካከል፣ የግድግዳውን እግር በድንጋይ መደገፍ፣ ሲደርቅ ኖራ መቀባት። ወጪውም ከሲሚንቶው በእጅጉ ያንሳል።

ሌላም አለ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሰው በቀበሌ ቤት ተከራይቶ ኖሯል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ወረዳችሁን አስፈቅዱ። በሰው ቤት ላይ ያፈሰሳችሁት ብር ተነቅሎ አይወሰድም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እናም እህቴ፣ ከዕቁብሽ ለምርጊቱ የሚበቃውን አውጪ፣ የቀረውን ለትዳርሽ ያዢው። ከሁሉ በፊት ግን ከአባትሽ ታረቂ። ሽማግሌ የተኮራረፈ ቤት ቶሎ ይገባዋል እንጂ ግድግዳ አያንኳኳም!