ሐረርን በሁለት ቀን ለመጎብኘት ዕቅዱ ከየት ይጀምር?

ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለመስክ ሥራ ወደ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሚጓዙ የመንግሥት ሠራተኞች ሐረርን ለማየት ብዙውን ጊዜ የሚመደብላቸው በመዝጊያው ዕለት ከምሳ በኋላ የሚያዝ የሁለት ሰዓት ጉብኝት ነው። ይህ ሰዓት ግን ለሐረር የሚመች አይደለም። ከቀትር በኋላ በጀጎል ውስጥ እንቅስቃሴው ይቀዘቅዛል፤ በርካታ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ነዋሪውም ለዕረፍት ወይም ለጫት ወደየቤቱ ይገባል። በዚህ ሰዓት የገባ እንግዳ በሮቹንና ግንቡን ያይ ይሆናል እንጂ ከተማዋን አያይም።

ነዋሪዎቿ በራሳቸው ቋንቋ "ጌይ" የሚሏት ይህች ጥንታዊት ከተማ በ48 ሄክታር ገደማ ላይ ያረፈች ስትሆን፣ ዙሪያዋን የሚያጥረው ግንብ ሥራ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበሩት ለአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ይሰጣል። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የዝየራ ሥፍራዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ጀጎል ከሌሎች በርካታ ቅርሶች የምትለየው ሰው የሚኖርባት በመሆኗ ነው። ቅርሱ የቤተሰብ መኖሪያ፣ ገበያና የጸሎት ቤት ነው። ስለዚህ የአጭር ጉብኝት ዕቅድ መነሻው የእንግዳው የጊዜ ሰሌዳ ሳይሆን የነዋሪው የዕለት ውሎ ሊሆን ይገባል። ለዚህም ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ይመከራል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ እንግዳ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ይደርሳል። ከዚያ በደንገጎ አቀበትና በሐረማያ በኩል ሐረር ለመድረስ የሚቀረው 55 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ነው። በየብስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ የመንገዱን ቀን ከጉብኝቱ ቀናት ጋር መቁጠር አይኖርበትም።

የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላ በዕረፍትና ማረፊያን በማደላደል ማሳለፍ ይሻላል። በጀጎል ውስጥ እንግዳ ተቀብለው የሚያሳድሩ ባህላዊ ቤቶች ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ምሽት ለጅብ ትርኢቱ ይሁን። ከጨለመ በኋላ ከግንቡ ውጭ ጅቦችን በስም እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች እንግዳውም በእንጨት ላይ የተንጠለጠለ ሥጋ እንዲያጎርስ ይጋብዛሉ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና ክፍያውን በቀን ጠይቆ መስማማት በምሽት ከሚፈጠር ውዝግብ ያድናል።

ሁለተኛው ቀን በማለዳ፣ በእግር መጀመር አለበት። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስቶ በልብስ ሰፊዎች ሲንጀር ድምፅ ስሙን ባገኘው መኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ ገበያ መውረድ ከተማዋን በሥራ ላይ ለማየት ያስችላል። ከዚያ ሙዚየሞቹ ይከተላሉ። የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚታወቀው ሕንፃ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና የስፌት ሥራዎችን ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1891 ባሉት ዓመታት በንግድ ሥራ ወደ ሐረር ይመላለስ በነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም ሙዚየም ነው፤ ባለቅኔው በዚህ ቤት መኖሩን ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠራሉ።

ቀጥሎ ከአንድ የሐረሪ ቤት ሳይገቡ መመለስ አይገባም። ጫማ ወልቆ የሚገባበት ሳሎን "ነደባ" የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉት፤ ማን በየትኛው መደብ እንደሚቀመጥም በባህሉ የተወሰነ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህኖች ያጌጠ ነው። ቤቱ የቤተሰብ መኖሪያ እንደመሆኑ ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ግድ ይላል።

ሦስት ጥንቃቄዎችን ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያን ማየት ነው። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት ሰዓት ስለሆነ ጉብኝት አይያዝበትም፤ በረመዳን በጀጎል ውስጥ ቀን ምግብ ማግኘት ያስቸግራል። በአንጻሩ ከረመዳን በኋላ የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረው የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሠፈረ በመሆኑ፣ ወቅቱ ለጉብኝት የተመረጠ ነው፤ ማረፊያ ግን ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ይዞ ዋጋውንና ሰዓቱን ከመነሳት በፊት መወሰን ነው። ሦስተኛው፣ ወደ መስጊድና ወደ ዝየራ ሥፍራ ለመግባት ፈቃድ መጠየቅና ጨዋ አለባበስ መልበስ ነው።

የጉብኝቱ አያያዝ የሚመለከተው እንግዳውን ብቻ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ በመኪና ዞሮ የሚመለስ ተጓዥ ለጀጎል ነዋሪ የሚተወው ጥቅም እምብዛም ነው። የሚያድር እንግዳ ግን ለማረፊያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለስፌት፣ ለሐረር ቡናና ለሐላዋ የሚያወጣው ገንዘብ የድንጋይ ቤታቸውን በየጊዜው እየጠገኑና እየቀቡ ጠብቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይደርሳል። የቅርሱ ህልውና የቆመውም በእነዚህ ቤተሰቦች ላይ ነው። በመሆኑም በሐረር ወይም በድሬዳዋ ስብሰባ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች የከተማ ጉብኝቱን ከመዝጊያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አንስተው ወደ ማለዳ ቢያዛውሩት፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ለእንግዳውም ለከተማዋም የሚጠቅም ለውጥ ያመጣሉ።