ዒላማ ለምን ይሳታል?

ጥይት ዒላማ ሲስት ብዙዎቻችን የተኳሹን እጅ ወይም ዓይን እንወቅሳለን። ዳሩ ግን ጥፋቱ ከቀለሁ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በአንድ አነጣጠር ከተተኮሱት ሁለት አረሮች አንዱ በሰከንድ 800 ሜትር፣ ሌላው 780 ሜትር ፍጥነት ቢወጡ፣ ሁለተኛው በ300 ሜትር ርቀት ወደ 4 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። በዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ በዚህ ርቀት 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥይቱን በእጁ የሚሞላ ተኳሽ ባሩዱን በሚዛን ይለካል፤ የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ልኩ ይመልሳል፤ አረሩንም በእኩል ጥልቀት ያስገባል። ባሩድ ማብዛት ግን ብልሃት አይደለም፤ ከተወሰነው ልክ ያለፈ እንደሆነ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። ዒላማ የሚያስመታው የባሩድ ብዛት ሳይሆን የጥይቶቹ እኩልነት ነው እንላለን።